ድምፅሽን ከፍ አድርጊ

ከዕድሜዬ ግማሹ ራሴ ሳስተምር አለቀ፤ የቀረው ደግሞ ሌላ ሰው ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጬ ሳይ እያለቀ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የሚያስተምር ሰው ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። ከኋላ የሚቀመጥ ግን ለአምስት ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን ወደ አገጩ አጥፎ፣ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «መግቢያዋ ጥሩ ነው፤ ማጠቃለያ ይጎድላታል» እያለ ሲጽፍ ይውላል። እንጀራዬ ይኸው ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ የሕፃናት መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አስተምራለሁ። ሠልጣኞቹ ለተግባር ልምምድ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲመደቡ ደግሞ እየዞርኩ የማያቸው፣ ውጤት የምሰጣቸውም እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ሥራው ከልክ አለፈ። አብሮኝ የሚዞረው ባልደረባዬ ታሞ ፈቃድ ወጣና የእሱ ሠልጣኞች እኔ ላይ ተደረቡ። «ለጊዜው ነው» አሉኝ። ኧረ ወዲያ! ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ ቤት መቼ አልቆ ያውቃል? መንገድ ሲዘጋ ቁጭ፣ ሲከፈት የሁለት ሳምንቱን ጉዞ በአንድ ሳምንት። ማክሰኞ ይፋግ፣ ሐሙስ ሐሙሲት፣ አርብ ጉና ሥር። እግሬ እንደ ሊጥ ያብጣል። ቤቴ ስገባ ለብ ባለ ውሃና ጨው እዘፈዝፈዋለሁ፤ ሲነጋ ያንኑ እግር ያንኑ ጫማ ውስጥ እከተዋለሁ። እንዲህ ባለው ሰሞን ሰው ይሉኝታውም ትዕግሥቱም ያልቅበታል። የደከመ ሰው ክፉ ነው፤ ይህን በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው ያየሁት።

ከባልደረባዬ ከተረከብኳቸው ሠልጣኞች አንዷ ከወደ እብናት ገጠር የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ጉና ሥር ካለ ትምህርት ቤት፣ ዜሮ ክፍል ተመድባለች፤ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሕፃናቱ የሚቆዩበት ክፍል ማለት ነው። ዕቅዷ የተጣራ፣ ደብተሯ ንጹሕ፣ እጇ ሥራ የሚወድ። ችግሯ ድምፅዋ ነው። ስታወራ አጠገቧ ያለው ሰው ይሰማታል፤ ከአጠገቧ ያለው ሰው ጎን የተቀመጠው ግን አይሰማትም። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቅጹ ላይ «ድምፅ ከፍ ይበል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቀን ስሄድ ያው ናት። ያን ጊዜ ተቆጣሁ።

«ልጄ፣ ስድሳ ሕፃን ፊት ቆመሽ ለራስሽ ነው እንዴ የምታወሪው? ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ!»

«እሺ፣ መምህር።»

«እሺ እሺ አትበይኝ። ባለፈውም እሺ ብለሽኝ ነበር። ሦስተኛው ምልከታ የመጨረሻው ነው። እሱ ካልተስተካከለ ትወድቂያለሽ፣ በሚመጣው ዓመት ልምምዱን ትደግሚያለሽ። ያኔ አላዝንልሽም፣ ነግሬሻለሁ።»

አንገቷን ደፍታ «መምህር፣ ለእኔ የሚመጣ ዓመት የለኝም» አለችኝ።

የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷን እብናት የያዘችላት እናቷ ናት። የእናቷ ዓይን ደግሞ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ባለፈው ወር ልጅቷ ምድጃው ውስጥ እጇን አስገብታ ተቃጠለች፤ አያትየዋ የደረሰችው ጩኸቷን ሰምታ እንጂ አይታ አይደለም። «ዘንድሮን እንደ ምንም ልያዝልሽ፤ ከዚህ በላይ ግን ዓይኔም አልቻለ» ብላታለች። ልምምዱን ከደገመች ትምህርቱን ጥላ መሄድ ነው፤ ሌላ የሚይዝላት ሰው የለም። «አባትዋስ?» አልኳት። ደብተሯን ከጠረጴዛው አነሣች። እኔም አልደገምኩም።

አዘንኩላት፣ አልዋሽም። ግን ስንቱን ሰምቻለሁ! ሁሉም ሠልጣኝ የታመመ እናት አለው፣ ሁሉም ዘንድሮን ብቻ ነው። «እንግዲያው ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ብያት ሄድኩ።

ሦስተኛው ምልከታ አርብ ቀን ዋለ። በዋዜማው ሐሙሲት ነበርኩ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ከገበያተኛው ጋር ተጋፍቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ዶሮ እግሬ ሥር እየተንፈራገጠ ደብረ ታቦር ስገባ አልመሸም ግን እኔ መሽቶብኝ ነበር። አርብ ሳይነጋ ተነሣሁ። ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ ሄጄ፣ ከመንገዱ ዳር ወረድኩና ዳገቱን ተያያዝኩት። አንድ ሰዓት የሚያስኬደው መንገድ እኔን አንድ ሰዓት ተኩል አስኬደኝ። የጉና ብርድ ደግሞ ያውቃችኋል አያውቃችሁም አላውቅም፤ ገብሱን ራሱ ያንቀጠቅጠዋል።

ስደርስ ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ሜዳው ላይ ይንጫጫሉ። የተቀበለችኝ መካሪዋ መምህርት ናት፤ ሃያ ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረች፣ ሠልጣኟን በየቀኑ የምታይና የምትመክር ሴት። ሻይ ሰጠችኝ። «ይግቡ ቁጭ ይበሉ፣ ልጆቹን አሰልፈን እናስገባለን» አለችኝ። ገባሁ። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ፀሐይ ጠጥቶ ውስጡ ይሞቃል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ በቀጥታ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ከሳምንት ወዲህ ያ ጉልበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀው። እሰይ፣ አልኩ። ልጆቹ እስኪገቡ ዓይኔን ላሳርፍ አልኩ።

አንገቴን አሞኝ ቀና ስል ሠልጣኟ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። ልጆቹ በእግራቸው ጣት እየረገጡ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መካሪዋ በሩ ጋ ቆማለች። ሰዓቴን አየሁት። የትምህርቱ ክፍለ ጊዜ አልቋል።

በስመ አብ!

ምን እንደ ተሰማኝ ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ እፍረት፣ ከዚያ ወዲያው ደግሞ ውሸት። ውሸቱን ለማንም አልነገርኩም፣ ለራሴ ብቻ ነው የነገርኩት። ሸለብ ነው ያደረገኝ፣ አንድ አፍታ ነው፣ ዋናውን አይቻለሁ፣ አልኩ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ቅጹን ጭኔ ላይ አስተካክዬ፣ እንደ ነቃ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ታዲያ ምን አይቻለሁ? ያየሁት ሦስት ነገር ነው። ስታንሾካሹክ አይቻታለሁ፤ ስለዚህ ድምፅ የሚለው ላይ «ምንም ለውጥ የለም» ብዬ ዝቅተኛውን ሰጠኋት። ለመቁጠሪያ ያዘጋጀችው ቆርኪ የሞላው ጣሳ እንደ ተከደነ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስለዚህ መርጃ መሣሪያ «ይዛለች፣ አልተጠቀመችም»። መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ተንጠልጥሎ ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሏል፤ ስለዚህ የክፍል አያያዝ «ብርሃን ተከልክሏል፣ ልጆቹ በጨለማ ተምረዋል»። ደመርኩት። ወደቀች።

ውጤቱን ለሠልጣኝ መንገር ያለብን ፊት ለፊት ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። ከክፍሉ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሦስታችን ተቀመጥን።

«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ» አልኳት። «ሦስት ጊዜ! ድንጋይ ቢሆን ይሰማ ነበር። ዛሬስ ጭራሽ በሹክሹክታ? ምን ነካሽ? ያንን ሁሉ ቆርኪ ለምን ለቀምሽው፣ ልታስቀምጪው ነው?»

መካሪዋ «መምህር፣ እንዲያው እሱ እኮ...» ብላ ጀመረች። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረገቻት። መካሪዋ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«ምንም አይደል፣ መምህር» አለች ልጅቷ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቅጹ ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለኮሌጁ። ሦስቱም ላይ ፈረመች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። እኔ ደግሞ መኪና እንዳያመልጠኝ ተቻኩዬ ነበር። ተነሣሁ።

የገጠር ልጅ ናትና እንግዳ ሳትሸኝ አትቀርም። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ እስከ ወንዙ ድረስ አብራኝ ወረደች። የጣለቻትን ሴትዮ ቦርሳ ነው የተሸከመችው። ወንዙን እጄን ይዛ አሻገረችኝና «በሰላም ይግቡ፣ መምህር» አለችኝ። ድምፅዋ ጎርነን፣ ሻክር ብሏል። ጉንፋን ይዟት ነው አልኩ።

ከወንዙ ማዶ መንገዱ ላይ ከዜሮ ክፍል የተለቀቁ ልጆች ይበታተናሉ። አንዲት ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ልጅ መንገዷ ከመንገዴ ገጠመና ከጎኔ መሄድ ጀመረች። ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ነገር አለችኝ፤ አልሰማኋትም።

«ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ የት ሄደ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ነቁ እንዴ?» አለችኝ፣ እያንሾካሾከች።

«ማን?»

«አንቱ።»

«እኔ መች ተኛሁና?»

ሳቀችብኝ። አሁን ድምፅዋን ለቀቀችው። «ኧረ ተኝተዋል! ያንኮራፉም ነበር!»

ክው አልኩ። እዚያው መንገዱ መሀል ቆምኩ። ልጅቷ ግን ወሬዋን ይዛለች፤ የአምስት ዓመት ልጅ ወሬ ከጀመረ ማን ያቆመዋል?

«ከዕረፍት ገብተን ‹እንደምን አረፈዳችሁ› ልትለን ስትል አየችዎት። ከዚያ እሽ አለችን። ‹እማማ ከሩቅ መጥተው ደክሟቸው ነው። የተኛ እንግዳ አይቀሰቀስም። ዛሬ በሹክሹክታ ነው የምንማር› አለችን።»

«ታዲያ ምን ተማራችሁ?»

«አምስትን።» እጇን ዘርግታ አምስት ጣቷን አሳየችኝ። «መዝሙሩንም ዘመርን። በአፍ አይደለም፣ በከንፈር ነው። እንዲህ።» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እያጨበጨበች፣ ግን መዳፏ ሳይነካካ፣ ዘመረችልኝ። እንዲህ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም። «አንድ ልጅ ሊያስነጥሰው ሲል ሮጣ አፍንጫውን ያዘችው። ሳቃችን መጣ፤ ግን አልሳቅንም።»

«ቆርኪውስ? በቆርኪ አልቆጠራችሁም?»

«ይንኳኳል ብላ ከደነችው። በጣታችን ቆጠርን። እኔ እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ አልጮህኩም። ማንም አልጮኸ።» ይህን ስትል በኩራት ነው፤ ምስጋና የምትጠብቅ ትመስላለች። «እሷ ግን መጮህ ትችላለች። ሳምንቱን ሁሉ እኛ ከተለቀቅን በኋላ ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማ ‹አንድ! ሁለት! ሦስት!› ስትል ከቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። ላሞቹ ቀና ይላሉ። እናቴ ‹ምን ነካት ይህች ልጅ፣ ጉሮሮዋ ይበጠሳል› አለች።»

«ምን ያህል ጊዜ ተኛሁ?» አልኳት። ጥያቄው ሞኝ ነው፤ ሰዓት የማታውቅ ልጅ ነው የጠየቅኩት።

«ከመዝሙሩ በፊት ጀምረው እስከ መውጫው» አለችኝ። ከዚያ መንገዷ ተገነጠለና ሮጣ ሄደች።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ! እስቲ አስቡት፣ ስድሳ ሕፃን በሹክሹክታ መያዝ! እኔ በጉልምስናዬ ዘመን፣ ያ ሁሉ ድምፅ እያለኝ፣ ስድሳ ሕፃን ለአምስት ደቂቃ ዝም አሰኝቼ አላውቅም። በዕድሜዬ ሙሉ ካየኋቸው ትምህርቶች የሚበልጠውን ትምህርት አፌን ከፍቼ አንኮራፋሁበት፤ ስነቃ ደግሞ ጣልኩት። እሷ ሳምንት ሙሉ ጮኻ ያዘጋጀችውን ድምፅ ለእኔ እንቅልፍ ብላ ዋጠችው። አንድ ጊዜ ጎላ አድርጋ «እንደምን አረፈዳችሁ» ብትል እኮ እነቃ ነበር። ልጇ፣ ዓመቷ፣ የእናቷ ዓይን፣ ሁሉም ያለው በዚያ ምልከታ ላይ ነው፤ ያንን እያወቀች ዝም አለች።

እንግዲህ ተመልሼ ዳገቱን ወጣሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልወጣሁም። ጉልበቴ አይችልም፣ መኪናም ያመልጠኛል፣ ብዬ ወረድኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ያልተመለስኩት በሁለቱም አይደለም፣ አፍሬ ነው። ነጠላው የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ፊቴ ላይ ስታርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያን ጊዜ ነጠላው ለምን እንደ ተሰቀለ ገባኝ። የራሷ ነጠላ ነበር። ስትሸኘኝ ትከሻዋ ላይ የነበረው እሱ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ከበደ። ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ቅጹ፣ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ቅጹ። እሑድ ከሰዓት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ላስተካክለው አሰብኩ። አንዷን ቁጥር ሰርዞ ሌላ መጻፍ ምን ይከብዳል? ግን ሁለቱ ቅጂዎች በሰው እጅ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ ያለ ምክንያት ከፍ ባደርገው «አልቅሳባት አዘነችላት» ይባላል። ልጅቷ በምልጃ ያለፈች ሆና ልትቀር ነው። ይህን ደግሞ አልፈለግኩላትም።

ሰኞ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን አለቃዬ ነው፣ አሁንም ስገባ ብድግ ይላል። ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«መምህር፣ እርስዎ ሰው አይደሉም እንዴ? ማን ያልተኛ አለ! የሁለት ሰው ሥራ ጭነንብዎት። ዝም ብለው ውጤቱን ያስተካክሉት።»

«በምን ዓይኔ?» አልኩት። «ያላየሁትን ዝቅ ማድረጌ አልበቃ ብሎ፣ ያላየሁትን ከፍ ላድርግ?»

ሳቁን ተወው። እንደገና ማየት አይቻልም፤ የልምምዱ ጊዜ በዚያው ሳምንት ያበቃል፣ መንገዱም ከቅዳሜ ጀምሮ እንደገና ተዘግቷል። የቀረው አንድ በር ነው። መካሪዋም የራሷን ቅጽ ትሞላለች፤ የእኔ ምልከታ ከተሰረዘ የእሷ ውጤት ብቻውን ይጸናል። ለመሰረዝ ግን ምክንያቱ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ጽሑፉ ለበላይ ይሄዳል፣ ማኅደሬም ውስጥ ይገባል።

«ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሞቴ፣ ‹ታመምኩ› ይበሉ። ታመምኩ የሚልን ሰው ማንም አይጠይቅም።»

ታመምኩ ማለት ቀላል ነበር። ጉልበቴ ምስክር ይሆነኝ ነበር። እስክርቢቶውን አነሣሁ። ፈራሁ፤ በሰው አፍ መግባቱን፣ በስተርጅና መዘባበቻ መሆኑን ፈራሁ። ከዚያ ያ ሊያስነጥሰው የነበረ ልጅ ትዝ አለኝ። የማላውቀው ሕፃን እኔን ላለመቀስቀስ ትንፋሹን ያዘ፤ እኔ ታመምኩ ብዬ ልፈርም ነው?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከትምህርቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተኝቼ ነበር። የሞላሁት ቅጽ ትምህርቱን አይመለከትም፤ ይሰረዝልኝ። የሠልጣኟን ድምፅ አልሰማሁም። ስድሳ ልጆች ግን ሰምተዋታል።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው። አጭር ነው፣ አራት መስመር፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ወሬው ግን ከደብዳቤው ቀድሞ ኮሌጁን ሞልቶታል። መምህራን ማረፊያ ክፍል በቀትር ስገባ አንዱ ብድግ ብሎ «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ድካሙ ይሁን ፌዙ ዛሬም አልለየሁትም።

የመካሪዋ ቅጽ መንገዱ ሲከፈት መጣ። ድምፅ በሚለው ፊት ለፊት ከፍተኛውን ሰጥታ፣ በተጣመመ ጽሕፈቷ «ይህን በሃያ ዓመቴ አላየሁም» ብላለች። ልጅቷ አለፈች።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ኮሪደሩ በሠልጣኝ ተጨናንቆ፣ እልልታው፣ ለቅሶው፣ የስልክ ጩኸቱ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ከሩቅ አየኋት። አላስችል አለኝና እንደ ልማዴ ጮኼ ልጠራት አፌን ስከፍት ዞር አለች፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ልጅቷ ተኝታለች። አንዷ እጇ ከአንቀልባው ወጥታ ተንጠልጥላለች፤ መዳፏ ላይ የቃጠሎው ጠባሳ ገና ሮዝ ነው። አፌን ዘጋሁት። በሰው መሀል እየተጋፋሁ እስከ አጠገቧ ሄድኩ።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ትከሻዋን ያዝኩ። ቀና ብላ ፊቴን ለማየት አልደፈረችም።

«መምህር፣ ባይጽፉት ምን ነበረበት?» አለችኝ። «በእኔ ምክንያት ሰው ሳቀብዎት።»

«ተይው እሱን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይህችን ልጅ ይዘሽ፣ ሌላ ዓመት እንደሌለሽ እያወቅሽ፣ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

ጥያቄው የገረማት ትመስላለች። ሌላ ምክንያት ስጠብቅ ነበር፤ ነውር ነው፣ ፈራሁ፣ ይቆጡኛል ብዬ፣ የሚል።

«ደክሞዎት ነበራ» አለችኝ።

ስንት ዓመት ስዞር ይህን ያለኝ ሰው የለም። ልጇ እንዳትነቃ በሹክሹክታ ነው ያለችው፤ ያ ሁሉ ሰው ይጮሃል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሰማኋት።